«የሚሸጥ ቤት» ከመባሉ በፊት



ቤት የሚሸጥ ሁሉ ቸኩሎ አይሸጥም። ለንግድ ብሎ የገዛውን የሚሸጥ አለ፤ ሰፈር ለመቀየር የሚሸጥም አለ። ዛሬ የምናነሣው ግን ሕመምተኛ አልጋ ላይ ተኝቶበት፣ የዕዳ ቀን ደርሶበት፣ ወይም አባት ሞቶ ወራሾች «ድርሻችን ይሰጠን» ስላሉት ተጨንቆ የሚሸጠውን ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ገበያ ሲወጣ ጭንቀቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። ገዢውም ደላላውም ከቤቱ በፊት የሚመለከቱት እርሱን ነው።

የአዲስ አበባን ገበያ እንውሰድ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለቤቶች ለቤታቸው የሚጠሩት ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል። የገዢው ኪስ ግን አብሮ አልወጣም። ከዚያ ቀደም ብሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አድርጎ ነበር፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ቢደረግም በብድር ቤት ለመግዛት ያሰበውን ብዙ ሰው ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ስለዚህ የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ተራርቀዋል። «እከሌ ቤቱን ይህን ያህል ብሏል» የሚለውን ወሬ ይዞ የሚወጣ ሻጭ ወራት ይቀመጥና መጨረሻ ላይ ሲጨንቀው በአንድ ቀን ይጥለዋል። መጠየቅ ያለበት በሰፈሩ ውስጥ በቅርብ ወራት በእርግጥ የተሸጠ ቤት በስንት እንደተሸጠ ነው። ይህንንም ከአንድ ደላላ ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ሰው፣ በተለይም ከገዙት ሰዎች መስማት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ቤት የሚዘገየው ገዢ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው ወረቀት ስላልተሰናዳ ነው። በኮልፌ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ እናታቸውን ለማሳከም የአባታቸውን ቤት ለመሸጥ ቆርጠው ተነሡ። በሳምንት ውስጥ ጥሩ ገዢ ተገኘ፤ ገንዘቡም በእጁ ነበር። ዳሩ ግን ጅዳ የምትኖረው እህት የላከችው ውክልና ቤቱን ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። አዲሱ ውክልና በቆንስላው ተሰጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ድረስ ሳምንታት አለፉ። ገዢው በየሳምንቱ ዋጋ ቀነሰ። እናትየዋ ደግሞ ሕክምናዋን ትጠብቃለች። ቤተሰቡን የጎዳው እንግዲህ ገበያው ሳይሆን በአንዲት ወረቀት ላይ የጎደለች አንዲት ቃል ናት።

ስለሆነም ለደላላ ከመንገር በፊት ማኅደሩን ዘርግቶ ማየት ይገባል። ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ? በዕጣ የደረሰ የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነ 5 ዓመት ሞልቶታል? ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ከሆኑ በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ቤታቸውን አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥ አይችልም። በወራሾች መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ፍርድ ቤት ሳያስፈቅድ የልጁን ድርሻ አይነካም። ይህ የየቲም ሐቅ ነውና አንድ ወር የሚያዘገይ ቢሆን እንኳ ማንም ሊያማርር አይገባም።

የውርሱም ድርሻ ከሽያጩ በፊት ይታወቅ። ወራሾቹ ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያይላቸዋል። ሟቹ ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ ወላጆቹ ቀድመውት ከሞቱ፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከወጣ በኋላ የቀረው ስምንት ቦታ ይከፈላል፤ ለሚስት አንድ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ። 8 ሚሊዮን ብር ቢሆን የእያንዳንዷ ሴት ልጅ ድርሻ 1 ሚሊዮን ነው። ሚስት በቤቱ ውስጥ የራሷ ገንዘብ ካለበት ደግሞ እርሱ የውርስ ገንዘብ አይደለምና አስቀድሞ ይወጣላታል። «እህቶቻችን ባለትዳር ናቸው፣ ምን ይጎድላቸዋል?» የሚለው አነጋገር በየቤቱ ስንት ሽያጭ በክርክር እንዳስቆመ ታዛቢ ሁሉ ያውቃል። እህት ድርሻዋን በቁርጥ ካወቀች ለመፈረም አታመነታም።

ወደ ደላላው እንመለስ። ደላላነት ሐላል ሥራ ነው፤ ያለ እርሱም ፈጥኖ መሸጥ አስቸጋሪ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለሻጩ «ከዚህ በላይ የሚከፍል የለም» ብሎ ለገዢው ሌላ ዋጋ ሲነግር፣ ልዩነቱንም ለራሱ ሲያስቀር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነጋዴዎች ከገጠር ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ ከከተማ ውጭ እየተቀበሉ እንዳይገዟቸው ከልክለዋል፤ ባለሸቀጡም ገበያ ደርሶ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ሽያጩን የማፍረስ መብት እንዲኖረው አድርገዋል። ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ አስተኝቶ ዋጋ ለማጣራት ጊዜ ያጣ ሰው ከዚያ ባለግመል በምን ይለያል? የተጨነቀን ሰው ቤት ለሚገዛ ወንድማችንም ይህ ይድረሰው፤ መደራደር መብቱ ነው፣ የሰውን ጭንቀት እየለኩ በየሳምንቱ ዋጋ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጩ በበኩሉ የደላላውን ክፍያ ከመነሻው በቁርጥ ይነጋገር፤ ከገዢው ጋርም ፊት ለፊት ይገናኝ።

መቸኮል ነውር ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ያለበት ቤት ከሆነ ይነገር። በአሻሻጭ ዘንድ «ቀለም ቀባው፣ አይታይም» የሚል ምክር አይጠፋም። በሐዲስ እንደተላለፈው ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ ይኖረዋል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይነሣል። ለዚህ ዓለምም ቢሆን ያዋጣል፤ ነውሩን አስቀድሞ የሰማ ገዢ በመጨረሻው ቀን አይሸሽም። በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ መጻፍም ከዚሁ ይመደባል። ውሸት ከመሆኑም በላይ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው።

ስለ ቀብድም ጥቂት እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ገዢው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ዑለማዎች ተለያይተውበታል፤ ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች የገዢው ቀብድ ለሻጭ መቅረቱን አይፈቅዱም፣ ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ የጊዜ ገደብ ከተደረገለት እንደሚፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ ቀኑ ተቆርጦ ይጻፍ። ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ገዢ ማነጋገር ግን በማንም ዘንድ አይፈቀድም፤ በወንድም ሽያጭ ላይ መሸጥ ነውና። ገዢው በሙራበሓ ከወለድ ነፃ ባንክ የሚገዛ ከሆነም ባንኩ ቤቱን አስገምቶ፣ ራሱ ገዝቶ የሚሸጥለት ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። የቀብዱ ቀነ ገደብ ይህን ያገናዘበ ይሁን።

በመጨረሻም ገንዘቡ። ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ቤት ሸጦ ዋጋውን በመሰሉ ላይ ያላዋለ ሰው በረካ እንደማያገኝበት ተነግሯል። ለሕክምናና ለዕዳ የተሸጠ ቤት ገንዘቡ መንገዱን አስቀድሞ ያውቃል። የሚያሳስበን የተረፈው ነው። የዋጋ ንረት ባለበት ዘመን ለብዙ ወራት የተቀመጠ ብር ትናንት የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም። ሁለት እህቶች ድርሻቸውን አዋጥተው አነስተኛ የጋራ መኖሪያ ቤት ቢገዙ በየስማቸው ይመዝገብ። የወራሾቹም ድርሻ በአንዱ ወንድም ሒሳብ ውስጥ «ለጊዜው ይቀመጥ» ከሚባል ውሉ በተፈረመበት ቀን ገዢው በየስማቸው ወደ ባንክ ያስገባላቸው።