ሬንጁ «ፖሊመር አለው» ሲባል በምን ይታወቃል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞች የመንገድ ነገር የገበያ ነገር ነው። የሐዲያ ስንዴም ሆነ የከምባታ ቡናና ቆጮ ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። አስፋልቱ ሲበላሽ የጭነት ኪራይ ይወደዳል፤ ጭማሪውም ወይ ከገበሬው ይቀነሳል፣ ወይ በሸማቹ ላይ ይጫናል።

ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሃላባ ቁሊቶ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ ክብደቱ በአንድ ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል። ፀሐይ ያለሰለሰው ሬንጅም ይሸሻል፤ የጎማው መስመር እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለውን ጎማ መሰል ፖሊመር የተቀላቀለበት ሬንጅ ነው።

ይሁንና ሬንጅ ከውጭ የሚገባ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። ፖሊመር ያለው ደግሞ ከተራው ይወደዳል። ሁለቱም ጥቁር በመሆናቸው በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው።

የመጀመሪያው የመርፌ ምርመራ ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ባለ ሬንጅ ውስጥ 100 ግራም የተጫነበት መርፌ ለ5 ሰከንድ ይለቀቃል። «80/100» የሚባለው ሬንጅ መርፌው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰርግበት ነው። ይህ ግን ጥንካሬን እንጂ ፖሊመር መኖሩን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው የመለስለሻ ሙቀትን ይለካል። በቀለበት ውስጥ ባለ ሬንጅ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ተቀምጣ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ኳሷ ሬንጁን ይዛ 25 ሚሊ ሜትር ስትወርድ ያለው ሙቀት ይመዘገባል። ፖሊመሩ በአግባቡ ከተቀላቀለ ይህ ሙቀት ከፍ ይላል።

ዋናው መለያ ሦስተኛው ነው። ሬንጁ እንደ ክር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሳብና መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይለካል። ተራው ሬንጅ እንደተዘረጋ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ በደንብ የተቀላቀለው ግን እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል።

አራተኛው የማከማቻ ምርመራ ነው። ናሙናው ቀጥ ባለ ቱቦ በ180 ዲግሪ ሙቀት ለ3 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ የላዩና የታቹ መለስለሻ ሙቀት ይነጻጸራል። በአውሮፓ መለኪያ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ፖሊመሩ ወደ ላይ ተንሳፏል ማለት ነው፤ ከአንዱ ጋን አንዱ ክፍል ጥሩ፣ ሌላው ክፍል ተራ ሬንጅ ይወጣል።

ስለዚህ ገዢ ከፋብሪካ የመጣውን ወረቀት ብቻ አይቶ መክፈል አይበቃውም። ናሙናው ከሥራው ቦታ፣ ከየጭነቱ፣ ሻጭና ገዢ ባሉበት መወሰድ አለበት። ከሥር ያለው ጠጠር ካልተጠቀጠቀ፣ የውሃ መውረጃው ካልተሠራ ደግሞ ፖሊመሩ ብቻውን መንገዱን አያድነውም።