ዋስ የሌለው የስልክ ወዳጅ የገበሬውን ጥሪት እንዳይበላ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሮቢትና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ በሬ ሲገዛ አይቸኩልም። ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ አስነድቶ አረማመዱን ያጤናል። ሻጩን የማያውቀው ከሆነ ደግሞ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ልጁን ሲድርም ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወገን ይጠየቃል፤ ዘር ይቆጠራል። ይህ ጥንቃቄ በቆላማው የራያ ምድር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ወይም ልጁ፣ በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው ሰው በአንድ የስልክ ጥሪ ብቻ የበሬ ዋጋ ሊልክ የሚችልበት ዘመን መጥቷል። በገበያ ቦታ የማይታለፈው ሥርዓት ነገሩ በስልክ ሲመጣ ለምን ይዘለላል? የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

በፍቅር ስም የሚመጣ ማታለል

ማታለሉ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ይጽፋል። ፎቶግራፉ ያማረ ነው፤ በውጭ አገር የሚሠራ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ መሆኑን ይናገራል። ጠዋትና ማታ ደኅንነት ይጠይቃል፤ ስለ ዝናቡና ስለ እናት ጤንነት ሳይቀር የሚጨነቅ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ የጋብቻ ነገር ያነሣል። በምስል እየተያየን እንነጋገር ሲባል ግን ካሜራው ተበላሽቷል፣ ኔትወርክ የለም እያለ ያመካኛል። ቢታይም እንኳ ዛሬ የሰውን ፊትና ድምፅ በኮምፒዩተር አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል መታየቱ ብቻውን ዋስ አይሆንም።

ቀጥሎ ስጦታ መላኩን ይገልጻል። ወርቅና ስልክ የያዘ ሣጥን ጉምሩክ ስለ ተያዘ ቀረጥ ይከፈል የሚል ሌላ ሰው ይደውላል። ቀረጥ የመንግሥት ገቢ ስለሆነ በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብም ሆነ በግል ስልክ ቁጥር አይከፈልም። ይህን ያላወቀች ወጣት ግን ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከእናቷ ደብቃ ትልካለች። ከዚያ በኋላ አንዱ ክፍያ ሌላውን ይወልዳል፤ ከቀረጡ በኋላ ቅጣት፣ ከቅጣቱ በኋላ የመጋዘን ኪራይ ይጠየቃል። ሣጥኑ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

በዚህ መታለል ያለመማር ውጤት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መታለላቸውን አመልክተው፣ ያጡት ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አስታውቋል። ስለዚህ የተታለለ ሰው ሊረዳ እንጂ ሊሣቅበት አይገባም። የሚሣቅበት ሰው ጉዳቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ጉዳት ደግሞ ጎረቤቱን አያስጠነቅቅም።

ከመልእክቱ በስተጀርባ

እነዚህን የሐሰት የፍቅር መልእክቶች የሚጽፈው ማን ነው? መልሱ ከገጠሩ ቤተሰብ ሩቅ አይደለም። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በማይናማር ድንበር አካባቢ ከሚገኙ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነት ግቢዎች የወጡ ሰዎች እንደሚናገሩት፣ በታይላንድ የኮምፒዩተር ሥራና ጥሩ ደመወዝ አለ ተብለው ከአገራቸው ከወጡ በኋላ ድንበር አሻግረው ዘግተውባቸዋል። ሥራቸውም በሐሰት ስምና ፎቶግራፍ የማያውቁትን ሰው በፍቅር ማጥመድ ሆኗል። እምቢ ያለ ወይም የታዘዘውን ያህል ገንዘብ ያላስገባ ይደበደብ ነበር።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የፍቅሩና የሥራው ወጥመድ ሥራቸው አንድ መሆኑን ነው። ሁለቱም የሚያጠምዱት በተስፋ ነው።

«ስትደርስ ትከፍላለህ»

ለራያ ቆላ ወጣት በይበልጥ የሚታወቀው ወጥመድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያመራው ነው። ደላላው «አሁን አምስት ሣንቲም አትከፍልም፤ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል። ወጣቱ ለወላጆቹ ሳይነግር ይነሣል፤ በጅቡቲ በረሃ ኦቦክ ደርሶ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በዚያ የሚጠብቁት ሰዎች ብዙዎችን አግተው እያሠቃዩ ለቤተሰብ ያስደውላሉ። ነጻ የተባለው ጉዞ ዋጋው የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። አባት የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ መሬቱን ያከራያል፤ ይበደራል። ሳዑዲ የደረሰውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ መመለሳቸው ይታወሳል።

ሌሎች አታላዮች ደግሞ ልጁ በውጭ አገር መኖሩን ሰምተው፣ ሳይታገት ታግቷል እያሉ ይደውላሉ። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ወላጅ ልጁን በሚያውቀው ቁጥር ራሱ መደወል፣ ካልተገኘም ከቤተሰብ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር መጠየቅ ይኖርበታል።

በሕግ በኩል የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው ይመራል። በዚህ መሠረት ሠራተኛ የሚልከው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ አይላክም፤ ኤጀንሲውም ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። በቤት ተደብቆ የሚመለምል፣ ፈቃዱን የማያሳይ፣ ውል የማይሰጥ ደላላ ከነዚህ አዋጆች ውጭ መሆኑን ማንም ሊያውቀው ይችላል።

ሦስቱ ምልክቶች

የማታለሉ መልክ ቢለዋወጥም ሦስት ምልክቶች አይለዩትም። አንደኛው ምስጢር ነው፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ይባላል። ሁለተኛው ጥድፊያ ነው፤ «ዛሬውኑ ካልላክህ ይቀርብሃል» ይባላል። ሦስተኛው ገና ላልታየ ነገር የሚጠየቅ ገንዘብ ወይም የምስጢር ቁጥር ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ መላኩን አቅልሏል፤ ሆኖም የምስጢር ቁጥርን ለሌላ ሰው መንገር የጎተራን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። ከባንክ ወይም ከቴሌ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን አይነገርም። ሳይቆርጡት ሎተሪ ደርሶሃል የሚልም ያው አታላይ ነው።

መከላከያው አዲስ ጥበብ አያሻውም። ገበሬው ለበሬውና ለልጁ ጋብቻ የሚያደርገውን ለስልኩም ማድረግ ነው። ያልታወቀ ሰው ገንዘብ ሲጠይቅ ነገሩ ሳይታደር አይላክ፤ ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ይነገር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ገንዘቡ ከተላከ ደግሞ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ሌላ ክፍያ ማቆም፣ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ማሳወቅ፣ መልእክቶቹንና የተላከበትን ደረሰኝ ሳይሰርዙ ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ነው። የጠፋውን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ክፈለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ሁለተኛው ሌባ እርሱ ነው።

የመሪዎች ድርሻ

አታላይ የሚበረታው ማሽላውና ጤፉ ተሽጦ ገንዘብ በእጅ ሲገባ፣ እንዲሁም ድርቅ ወይም ጦርነት ያጎሳቆለው ቤተሰብ ተስፋ ሲፈልግ ነው። መሪዎችም ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይገባቸዋል። በቅሬ ስብሰባ፣ በማኅበሩ የትርፍ ክፍፍል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ሦስቱን ምልክቶች ደጋግሞ መናገር ወጪ አይጠይቅም። ከስደት የተመለሱ ወጣቶች ፈቃደኛ ከሆኑ ያዩትን ራሳቸው ቢናገሩ ከማንም በላይ ይሰማሉ። በየመንደሩም ወጣቶች ሳያፍሩ የሚያማክሯቸው አንድ አባትና አንዲት እናት ቢመረጡ፣ ምስጢር የተባለው ነገር ቶሎ ወደ ብርሃን ይወጣል።

በገበያ ቀን የማይታወቅ ሰው በሬ ይዞ ሲመጣ የሮቢት ገበሬ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዋስህ ማን ነው?» ይላል። በስልክ ለሚመጣው ወዳጅና ደላላም ይኸው ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። መልስ ካጣ ገንዘቡ ከመቀነት አይፈታ።