የልብስ ማጠቢያ መኪናና የኤሌክትሪክ ኃይል በተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ

በአሜሪካ አገር ሞተርሆም እየተባለ የሚጠራው ተሽከርካሪ በመሪና በሞተር የሚነዳ ሙሉ ቤት ነው። መኝታው፣ ማድቤቱና የገላ መታጠቢያው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰናድተው ከባለቤቱ ጋራ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ይጓዛሉ። በአይዎዋ ግዛት በፎረስት ሲቲ ከተማ የተቋቋመው የዊንቤጎ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ይህን ዓይነቱን ተሽከርካሪ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የውስጥ ዕቃው እየተሟላ ሄዶ፣ ዛሬ በትልልቆቹ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ መኪና ማየት የተለመደ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በድንጋይ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያለ ችግር የሚሠራው መኪና፣ በጎማ ላይ በቆመ ቤት ውስጥ ሲገባ አመለኛ ይሆናል። ውሃ እንደ ያዘ ይቆማል፣ ልብሱን ሳይጨምቅ ይቀራል፣ ወይም በሥራው መካከል በድንገት ይጠፋል። ባለንብረቱም ጥፋቱን በመኪናው ላይ ጥሎ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው መስመር ላይ ከተተከለ በኋላ እንደ ፊተኛው ይቆማል። እንዲህ ያለው ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው፣ የታመመው መኪናው ሳይሆን መኪናው የሚመገበው ኤሌክትሪክ ሊሆን እንደሚችል ባለመታሰቡ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል።

የኃይሉ መጠን

በመንገደኞች ማረፊያ ሰፈሮች ለተሽከርካሪዎቹ የኤሌክትሪክ ሳጥን ተተክሏል። ከሳጥኑ የሚገኘው ኃይል በሁለት ዋና ዋና ዓይነት ይከፈላል። ባለ 30 አምፔሩ አንድ የ120 ቮልት መስመር ስለሆነ፣ አምፔሩ በቮልቱ ሲባዛ 3,600 ዋት ይሆናል። ባለ 50 አምፔሩ ግን ሁለት የ120 ቮልት መስመሮች ስላሉት በድምሩ 12,000 ዋት ይሰጣል።

ችግሩ የሚበዛው በባለ 30 አምፔሩ ላይ ነው። ማጠቢያው ውሃ ሲያሞቅ ወይም ልብስ ሲያደርቅ 1,500 ዋት፣ በጣሪያው ላይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ሌላ 1,500 ዋት፣ የገላ ውሃ ማሞቂያው ደግሞ 1,440 ዋት ቢወስዱ፣ ድምሩ 4,440 ዋት ማለት 37 አምፔር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብሬከር የተባለው ማቋረጫ ኃይሉን ቢቆርጥ ሥራውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። መድኃኒቱም በዕቃዎቹ ላይ ተራ ማውጣት ነው፤ ልብስ በሚታጠብበት ሰዓት የውሃ ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው ይጠፋል። ብሬከሩን ነቅሎ ከፍ ያለ አምፔር በሚያሳልፍ መተካት ግን ሽቦውን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

የቮልት መውረድ

ሁለተኛው ምክንያት ለዓይን የማይታይ ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት 120 ቮልት የሚያሳይ ሶኬት፣ መኪናው ውሃ ማሞቅ ሲጀምር እጅግ ዝቅ ሊል ይችላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ የመዳብ ሽቦው ውፍረት 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ውስጥ 15 አምፔር ሲያልፍ፣ በመሄጃውና በመመለሻው ሽቦ 12 ቮልት ያህል ይጠፋል። ለመኪናው የሚደርሰው 108 ቮልት ብቻ ነው። የጠፋውም 180 ዋት ወደ ሙቀት ተለውጦ ገመዱን ያግለዋል። የሽቦው ውፍረት 5.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ ግን የሚጠፋው 3 ቮልት ያህል ብቻ በሆነ ነበር።

ቮልቱ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ የማሞቂያው ኃይል ወደ አምስት እጅ በሚጠጋ ከመቶ ብቻ አይቀንስም፤ 19 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ የእጥበቱም ሰዓት ይረዝማል። ብዙዎቹ የኃይል መጠበቂያ መሣሪያዎች ቮልቱ ከ104 በታች ሲወርድ መስመሩን ስለሚያቋርጡ፣ ለባለንብረቱ መኪናው በራሱ የጠፋ ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ ቮልቱ መለካት ያለበት መኪናው እየሠራ ሳለ፣ ከሚመገብበት ሶኬት አጠገብ ነው። የጋለ፣ የጠቆረ ወይም የላላ ስፒና ቢገኝ ሳይዘገይ መለወጥ ይገባዋል።

ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት

በአሜሪካ ለተንቀሳቃሽ ቤት የሚሆነው ባለ ሦስት እግር የ30 አምፔር ሶኬት የ120 ቮልት ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የ30 አምፔር ሶኬት ሲያይ የልብስ ማድረቂያ መስመር መስሎት 240 ቮልት የሚያስገባበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ሶኬት ላይ የተሰካ ቤት ዕቃው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። በባለ 50 አምፔሩ ደግሞ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ቢበጠስ፣ 240ው ቮልት በሁለቱ መስመሮች መካከል እኩል ሳይሆን ይከፋፈላል፤ አንደኛው መስመር ዕቃ ሲያቃጥል ሌላው ዕቃ ለማንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የመሬት ሽቦ መቋረጥ ነው። ተሽከርካሪው በጎማ ላይ ስለቆመ ከመሬት ተለይቷል። በውስጡ የሚያፈስ ሽቦ ቢኖርና የመሬቱ ሽቦ ቢቋረጥ፣ ኤሌክትሪኩ በብረቱ አካል ላይ ይቀራል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካ ሰውም በገዛ አካሉ መንገድ ይከፍትለታል። በሩን ሲነኩት ጥቂት እንኳ የሚነዝር ቤት ሳይዘገይ ከሳጥኑ ሊነቀል ይገባዋል። 5 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያቋርጠው መከላከያ ሶኬትም መኪናው በተሰካ ቁጥር ቢዘጋ፣ ብዙ ጊዜ የመኪናው ማሞቂያ ወይም እርጥበት የገባበት ሽቦ እያፈሰ ነውና መመርመር ይኖርበታል። መከላከያውን አንሥቶ በተራ ሶኬት መለወጥ ምስክሩን ማባረር ነው።

ባትሪና ጄኔሬተር

ከሰፈር ርቆ የቆመ ቤት ኃይሉን ከባትሪ በኢንቨርተር አማካይነት ያገኛል። 1,500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ፣ በመንገድ የሚጠፋው ሳይቆጠር 125 አምፔር ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ቢሠራበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም በሒሳብ 24 ደቂቃ፣ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በባትሪ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ይቻል እንደ ሆነ እንጂ፣ ማሞቅና ማድረቅ አይመከርም። የኤሌክትሪኩን ሞገድ አስተካክሎ የማይሰጥ ርካሽ ኢንቨርተርም የመኪናውን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሊያስት ይችላል።

የጄኔሬተር ሞተር ደግሞ በከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው፣ በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 ከመቶ ያህል ያጣል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ጉድለቱ ከሩብ በላይ ይደርሳል።

ኤሌክትሪኩ ደኅና ሆኖ ሲገኝ

መኪናው ውሃ አልሞላ ብሎ ቢቆም፣ በተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ ውሃውን የሚገፋው በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ መሆኑ ይታወስ፤ ባትሪው ሲደክም ውሃው ይቀጥናል። ውሃ አላስወጣ ቢል የቆሻሻ ውሃ መያዣው ሞልቶ እንደ ሆነ፣ የመኪናው ማጣሪያም ተደፍኖ እንደ ሆነ ይታያል። ሳይጨምቅ ቢቀር ደግሞ ቤቱ በድጋፎቹ ላይ ተስተካክሎ መቆሙ በውሃ ልክ ይመረመራል፤ በላላ አቋም ላይ የሚዞር ከበሮ ሲናወጥ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ይቆማልና።

ለአገር ውስጥ ነጋዴ የሚሆን ማስገንዘቢያ

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማጠቢያ መኪና ወይም ተንቀሳቃሽ ቤት ወደ ኢትዮጵያ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ከመስመሩ ኸርዝ ጋራ እየተከተለ የሚዞር የቀድሞ ዓይነት ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይግላልም። ስለዚህ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት በጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ሊነበብ ይገባል።

ባጭሩ ምርመራው ከሳጥኑ ጀምሮ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ብሬከሩ፣ ከዚያም ወደ ሶኬቱ፣ በመጨረሻ ወደ መኪናው ቢሄድ ወጪው ይቀላል። ለዚህም የሚያስፈልገው የቮልት መለኪያ ዋጋው ከአዲስ መኪና ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። የሽቦ ሥራውን ግን የሚነካው፣ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ፣ ሙያው ያለው ሰው ብቻ መሆን አለበት።