ጥያቄው ሳይሆን መልሱ

እ.ኤ.አ. በ1963 ኬፕታውን ለተሰበሰበው የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ አንድ የሕግ ረቂቅ ቀረበ። ረቂቁ ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ክስና ያለ ጠበቃ እስከ 90 ቀን አስሮ እንዲያቆይ፣ ቀኑ ሲሞላም መልሶ እንዲያስር የሚፈቅድ ነበር። ያቀረበው ገዢው ናሽናል ፓርቲ ነው፤ ዋናው ተቃዋሚ ዩናይትድ ፓርቲም ደገፈው። ድምፅ ሲሰጥ ቤቱ በሙሉ በአንድ ወገን ተሰለፈ። በተቃውሞ የቀሩት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ሔለን ሱዝማን። ረቂቁ ሕግ ሆነ። ጥቂት ወራት ሳይቆይም ሉክስማርት ንጉድሌ የተባለ የነፃነት ታጋይ በዚሁ ሕግ እንደታሰረ ሞተ። ውጤቱን በአንዲት ድምፅ እንኳ መለወጥ የማይችል የሕዝብ ተወካይ ታዲያ እዚያ ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል? “አንድ እጅ አያጨበጭብም” የሚለው ተረት ለዚህ መልስ የሚሰጥ ይመስላል። የሱዝማን የ36 ዓመት የፓርላማ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ፓርላማ እጅ የሚቆጠርበት ቤት ብቻ ሳይሆን መንግሥት የሚጠየቅበት ቤትም ነው። ለመጠየቅ ደግሞ አንድ አፍ ይበቃል።

ሱዝማን እ.ኤ.አ. በ1917 በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በምትገኘው የማዕድን ከተማ በጀርሚስተን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁዶች ነበሩ። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ በከተማ የሚኖሩ ጥቁሮች የሚተዳደሩባቸውን ሕጎች ለሚመረምር ኮሚሽን ማስረጃ በማዘጋጀት ተሳተፉ። ጥቁሮች እንዲይዙት የሚገደዱት የይለፍ ወረቀት ሥርዓት የአንድን ሠራተኛ ኑሮ እንዴት እንደሚያንቀው በዝርዝር ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በ1953 ሀብታም ነጮች የሚኖሩበትን የሆተንን የምርጫ ክልል ወክለው ፓርላማ ገቡ። በ1959 ከሌሎች 11 አባላት ጋር ከዩናይትድ ፓርቲ ወጥተው ፕሮግሬሲቭ ፓርቲን መሠረቱ። በ1961 ምርጫ ግን ሌሎቹ ሁሉ መቀመጫቸውን ሲያጡ ሱዝማን ብቻቸውን በ564 ድምፅ ብልጫ ተረፉ። እስከ 1974 ድረስ፣ ለ13 ዓመታት፣ በፓርላማ ውስጥ ፓርቲውም የፓርቲው ተጠሪም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህ ብቸኝነት የመጣበት ጊዜ ክብደቱን ይጨምረዋል። ጥቁሮች ቀድሞም የራሳቸውን ሰው ወደ ፓርላማ መላክ አይችሉም ነበር፤ በነጮች የሚያዙ ጥቂት መቀመጫዎች ግን በስማቸው ነበሩ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከ1937 ጀምረው የተቀመጡት ማርጋሬት ባሊንገር ናቸው። በ1960 መንግሥት እነዚህንም ሰረዘ። በዚያው ዓመት በሻርፕቪል ፖሊስ የይለፍ ወረቀትን በተቃወመ ሰልፈኛ ላይ ተኩሶ 69 ሰዎች ገደለ፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስም ታገዱ። ስለዚህ ለሱዝማን ድምፅ የሰጡት የሆተን ነጮች ቢሆኑም፣ የታሳሪ ሚስቶች፣ ከቀያቸው የተነቀሉ ገበሬዎችና ይለፍ የተከለከሉ ሠራተኞች አቤቱታቸውን የሚያደርሱት ወደ እሳቸው ሆነ። ያልመረጣቸው፣ መምረጥም ያልተፈቀደለት ሕዝብ ወኪል ሆኑ።

መሣሪያቸው የፓርላማው የጥያቄ ሥርዓት ነበር። ማንኛውም አባል ለሚኒስትር ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ሚኒስትሩም በምክር ቤቱ ፊት መልስ ይሰጣል፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይታተማል። ሱዝማን ይህን ተራ የሚመስል አሠራር ወደ ምርመራ ለወጡት። በይለፍ ሕግ ስንት ሰው ታሰረ? ያለ ፍርድ የተያዘው ስንት ነው? ስንት ሰው ተሰቀለ፣ ስንቱ ተገረፈ? ለአንድ ነጭ ተማሪና ለአንድ ጥቁር ተማሪ መንግሥት ምን ያህል ያወጣል? ነጋሪው ሚኒስትሩ ራሱ በመሆኑ መንግሥት መልሱን የጠላት ወሬ ነው ብሎ ሊያስተባብለው አልቻለም። ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና ተመራማሪዎች ከቃለ ጉባኤው እየቀዱ ጻፉበት። በአንድ ወቅት አንድ ሚኒስትር ጥያቄዎቻቸው አገሪቱን በውጭ ዓለም ለማሳፈር የታሰቡ ናቸው ብሎ ሲወቅሳቸው፣ የሚያሳፍረው ጥያቄው ሳይሆን መልሱ ነው አሉት። የሥራቸው ሁሉ ሐሳብ በዚህ አጭር ምላሽ ውስጥ አለ። የዘር መድልዎው ሥርዓት፣ አፓርታይድ፣ በደሉን የሚፈጽመው በመዝገብና በቁጥር ነበር፤ ሱዝማንም ያንኑ ቁጥር በገዛ አንደበቱ አስነገሩት።

ሁለተኛው ጉልበታቸው የምክር ቤት አባልነት የሚሰጠው ጥበቃ ነው። አባል በስብሰባ ላይ በተናገረው አይከሰስም፤ ጋዜጣም የምክር ቤቱን ክርክር በመዘገቡ አይጠየቅም። ከውጭ ቢጻፍ የሚያሳስር ቃል በሱዝማን አንደበት ሲያልፍ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የዚህን ዋጋ ሮበን ደሴት ያሳያል። በ1967 እስር ቤቱን ሲጎበኙ እስረኞቹ በመተላለፊያው ጫፍ ወዳለው ክፍል፣ ወደ ኔልሰን ማንዴላ መሯቸው። ማንዴላም በእንግዳዋና በእስር ቤቱ ሹሞች ፊት ስለ ሥራው፣ ስለ ምግቡና ስለ አልባሳቱ ተናገሩ። ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት ስለተነቀሰና እስረኞችን ስለሚያሠቃይ አንድ ጠባቂም አነሡ። ሱዝማን ጉዳዩን ፓርላማ አቀርበዋለሁ አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠባቂው ከቦታው ተነሣ። ለአንድ ቀን እንኳ አብላጫ ድምፅ ያልነበራቸው ሴት ያን ያስደረጉት፣ የሚናገሩበት መድረክ ስለነበራቸው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ አጥብቆ የሚከራከር አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ለነጮች ብቻ በተሠራ ቤት ውስጥ የተቀመጠች ተቃዋሚ፣ ለዚያ ቤት የዴሞክራሲ መልክ አልሰጠችውም ወይ? በእርግጥ መንግሥቱ እሷን እያሳየ “እነሆ፣ እኛ ዘንድ መናገር ይቻላል” ለማለት ተመችቶታል። ነገር ግን ሚዛን የሚይዘው ሁለቱንም ወገን ሲጭኑበት ነው። ሱዝማን ወንበሩን ቢለቁ ኖሮ ፓርላማው አይዘጋም ነበር፤ የሚዘጋው የጥያቄው መዝገብ ነው። የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ሮበርት ሶቡክዌ የተፈረደባቸውን እስራት በ1963 ጨርሰው ሳለ፣ በስማቸው በተጠራ ልዩ አንቀጽ እስከ 1969 በደሴቲቱ ታግተው ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ በዚያ ቤት ውስጥ ስም ተጠርቶ እንዲነሣ የሚሻ ሰው መኖሩ፣ ለገዢዎቹ ከሚያስገኘው መልክ ይልቅ የሚያስከትልባቸው ጭንቅ ይበልጥ ነበር። የቤት ስልካቸውን ፖሊስ ይጠልፍ የነበረውም ለጌጥ የተቀመጡ ሴት ስላልነበሩ ነው። እሳቸውም በስልኩ ውስጥ ፊሽካ እየነፉ የአዳማጩን ጆሮ ያደነቁሩት ነበር።

ሌላው ወቀሳ ፖሊሲያቸውን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ወቃሾቹ ብዙ እውነት አላቸው። ፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ የመምረጥን መብት በትምህርት ወይም በንብረት ሲገድብ ቆይቶ፣ ሁሉም አዋቂ ይምረጥ ወደሚለው አቋም የመጣው በ1978 ነው። ሱዝማን በ1980ዎቹም የኢኮኖሚ ማዕቀብን ተቃወሙ፤ ጥቁሩን ሠራተኛ ሥራ ያሳጣል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ከሩኅሩኅነት የመነጨ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ሒሳቡ ተሳስቷል። በ1985 የውጭ ባንኮች ብድር ለማራዘም እምቢ ሲሉ መንግሥት ዕዳ መክፈሉን እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር፤ ክርክር ያላንቀሳቀሰውን ገንዘብ አንቀሳቀሰው። ይሁንና ይህ የሚያስረዳው የፓርላማ ንግግር ብቻውን ሥርዓትን እንደማይጥል እንጂ ከንቱ መሆኑን አይደለም። አፓርታይድን የጣሉት በዋናነት የታገሉት ጥቁሮች ናቸው። የሱዝማን ድርሻ ትግሉ እንዳይደበቅ፣ በደሉም “አልሰማንም” እንዳይባልበት ማድረግ ነበር። ሁለቱን ማምታታት ሴትዮዋን ከልክ በላይ ማግነን ነው፤ ሁለተኛውን መካድም የሠሩትን መንጠቅ ነው።

ሱዝማን በ1989 ከፓርላማ ሲወጡ የይለፍ ሕጉ ከተሻረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ማንዴላ ግን ገና እስር ላይ ነበሩ። ዲሴምበር 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት ሻርፕቪል ላይ ሲፈርሙ፣ የ79 ዓመቷ ሱዝማን በሥፍራው ነበሩ። የዚያ ሕገ መንግሥት 12ኛ አንቀጽ ማንም ሰው ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከ33 ዓመት በፊት በዚህ ጉዳይ ላይ የተሰጠው የተቃውሞ ድምፅ አንድ ብቻ ነበር።