አምፑ የት ይቀመጥ?

ካሴት ከገበያ ከወጣ ዘመን ቢቆጠርም የመኪናውን ማጫወቻ ዛሬም «ቴፕ» ነው የምንለው። ፍላሽ ይሰካበታል፣ ስልክ በብሉቱዝ ይገናኝበታል፣ ስክሪኑ ትንሽ ቴሌቪዥን ያህላል፤ ስሙ ግን ቴፕ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደውን ባጃጅና የቤት መኪና ላዳመጠ ሰው ግን፣ ድምፁ ከቴፑ ብቻ እንዳልመጣ ወዲያው ይገባዋል። ከፋብሪካ የሚወጣ ቴፕ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚሰጠው እውነተኛ ኃይል ቢበዛ 20 ዋት ገደማ ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው ቤዝ ከዚያ አይወጣም። የሚወጣው ከወንበር ሥር፣ ከኋላ ኮፈን ወይም ከአንድ ሽፋን ጀርባ ከተቀመጠው አምፕሊፋየር ነው።

ይህን ዕቃ በደንብ ማስተዋወቅ የፈለግሁት ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በስፒከሩ ስፋት ላይ ሆኖ ስለማይ ነው። አምፑን «የትም አስቀምጠው» ይላሉ። እኔ ግን የመኪና ሙዚቃ ዲዛይን የሚጀምረው አምፑ የት ይቀመጥ ከሚለው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ቦታው ሽቦውን፣ ሙቀቱን፣ ዕድሜውን፣ የተሳፋሪውን ደኅንነት ሳይቀር ይወስናል።

ራዲዮ መኪና ውስጥ ገብቶ ገበያ ያገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ጋልቪን ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ «ሞቶሮላ» ብለው የሸጡት ዕቃ ሲመጣ ነው። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር ግን የ1970ዎቹ ልጅ ነው። እኛ አገር መኪናን ከድምፅ ጋር ያጋባው መጀመሪያ ማስታወቂያ ይመስለኛል። ጣሪያው ላይ ሁለት ሞንታርቦ የታሰረበት፣ ሎተሪ የሚሸጥ ወይም ስብሰባ የሚጠራ መኪና የማያውቅ ከተሜ የለም። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ስፒከሩን ፖርቶመኛ ላይ አስሮ፣ አምፑን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጦ፣ ሽቦውን በመስኮት ያስገባ ሰው የዛሬዎቹ ቴፕና አምፕ ገጣሚዎች አባት ነው።

ወደ ሀዋሳ ስንመለስ የሙዚቃው ንጉሥ ባጃጅ ነው። ባጃጅ ደግሞ ለቤዝ ክፉ ቤት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር የምትሰጠው ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጠባብ ክፍል ስለሆነ የስፒከሩን ግፊት ይይዘዋል፣ ዝቅተኛውን ድምፅም ያወፍረዋል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፤ ግፊቱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ስለዚህ ባለባጃጁ ያንኑ ቤዝ ለማግኘት የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉን የምታመርተው ግን ከመኪና ያነሰች የባጃጅ ዲናሞ ናት። ሲጨንቀው ድምፁን ይጨምራል፣ አምፑ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በተሰነጠቀ ድምፅም መጀመሪያ የሚቃጠሉት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ ስፒከሮች፣ ቲውተሮቹ ናቸው። ለባጃጅ የሚሻለው ኃይል ቆጣቢ የሆነውን «ክላስ ዲ» የተባለ ትንሽ አምፕ መርጦ፣ ጥልቁን ቤዝ ትቶ መካከለኛውን ድምፅ ማጥራት ነው። የማሲንቆና የድምፃዊ ለዛ ያለው እዚያ ነው።

ካርቶን ላይ የተጻፈ «3000 ዋት» ማንንም አያታልል። አምፑን ገልብጦ ፊውዙን ማየት ይበቃል። ሁለት ባለ 30 ፊውዝ ካለው የሚስበው ቢበዛ 60 አምፔር ነው፤ ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ 14 ገደማ ስለሆነ የሚገባው ኃይል 840 ዋት ነው። የድሮው «ክላስ ኤቢ» ከገባው ላይ 60 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ቢለውጥ የሚወጣው 500 ዋት ነው። ቀሪው ሙቀት ይሆናል። «ክላስ ዲ» ከ80 በመቶ በላይ ስለሚለውጥ ያንኑ ድምፅ በትንሽ ሙቀትና በትንሽ አካል ይሰጣል፤ የዛሬ ገጣሚ አምፕን መጽሐፍ በማታስገባ ቀዳዳ መደበቅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድ ቪትዝ ከፊታችን አለች እንበል። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ቤዙ ይሰማ፣ ግን ዕቃ መጫኛዬን አትንካብኝ» ብሏል። ልክ ነው፤ መኪናዋ ቤተሰብ ታወጣለች፣ ገበያ ትወጣለች።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፊት ወንበር ሥር ነው። መጥፎ አይደለም። ለባትሪው ቅርብ ስለሆነ ሽቦው ያጥራል። ነገር ግን አምፑ ሞኬቱ ላይ ተኝቶ ከተቀመጠ ሆዱ ይታፈናል፣ በክረምት ደግሞ ከጫማ የሚወርድ ውኃ ያገኘዋል። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉት እግሮች ይሠሩለት፤ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ሽቦ እንደማይቆርጥ ደግሞ በእጅ እየገፉ መሞከር ነው።

ሁለተኛው የኋላ ወንበር ጀርባ ነው፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። በወንበሩ ልክ ሳንቃ ይቆረጣል፣ ጥቁር ሞኬት ይለብሳል፣ አምፑ ሙቀት የሚያስወጡትን ክንፎቹን ወደ ላይ አቁሞ ሳንቃው ላይ ይታሰራል። ትኩስ አየር በክንፎቹ መካከል በራሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ዕቃ መጫኛው አይነካም። ኮፈኑ ሲከፈት አምፑ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል፤ ማሳየት ለሚወድ ደግሞ በፕሌክሲግላስ ሸፍኖ ከውስጥ መብራት ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ታች አንድ መግቢያ፣ ላይ አንድ መውጫ ቀዳዳ ግድ ነው፤ ያለበለዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የታሰረ ምድጃ ነው።

ስኮርታ ጎማውን አውጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አምፕ መቅበር በውጭ አገር መኪኖች ላይ በጣም ያማረ ሥራ ነው። ወለሉ ይደፈናል፣ ከላይ ምንም አይታይም። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚነዳ፣ ወይም ወደ ሲዳማ ገጠር ለሚወጣ ሰው ግን ስኮርታውን ሸጦ ሙዚቃ መግዛት ነውና አልመክርም። ጣሪያ ላይ ገልብጦ መስቀልንም እንዲሁ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ የተገለበጠ አምፕ የራሱን ሙቀት ታቅፎ ይቀራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ግጭት ነው፤ 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ በቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ያገኛል። ሁለት ትንንሽ ብሎን አይይዘውም፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ የሰው ራስ ነው። በአንዳንድ መኪና የማየው፣ አምፑን ቤዙን በሚያወጣው ስፒከር፣ በሰብዉፈሩ ሣጥን ላይ መምታት፣ ለዓይን ቀላል ይመስላል። ሣጥኑ ሲንቀጠቀጥ ግን በካውያ የተበየደው ሁሉ ቀስ በቀስ ይላላል።

ሌላም የአገራችን ነገር አለ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አምፑን የሚያቀዘቅዘው ያው አየር ነው። በማኑዋሉ «5 ሴንቲሜትር ክፍት ተው» የሚል ካለ እዚህ ጨምሮ መተው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ።

አሁን ሽቦ። ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ቀይ ሽቦ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን መኪናዋን ነው። ሽቦው በሞተሩ ግድግዳ ሲያልፍ ጎማ ካልለበሰ ላሜራው ቀስ እያለ ይበላዋል፤ አንድ ቀን ብረት ሲነካ ፊውዝ የሌለው ሽቦ እሳት ነው። ለ60 አምፔር እስከ ኋላ ኮፈን ድረስ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ልክ ነው። ገበያ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ለብሶ ውስጡ ቀጭን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ሞልቷል፤ ጫፉን ልጦ በቢላ መፋቅ ያሳውቃል፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም።

ሁሉም የሚቸኩልበት ሥራ ግን ኔጋቲቩ ነው። ጥሩ ገጣሚ እዚህ ላይ ጊዜ ሲወስድ ታዩታላችሁ። ጎንበስ ብሎ የኮፈኑን ሞኬት ይገልጣል፣ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ይመርጣል፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቀለሙን ይፍቃል። መጀመሪያ የመኪናዋ ቀለም ይለቃል፣ ቀጥሎ ግራጫው፣ ከዚያ ላሜራው ሲያብለጨልጭ ያቆማል። ሮንዴላና ብሎን አድርጎ እስኪጠብቅ ያስረዋል፣ ዝገት እንዳይገባው በላዩ ግራሶ ይቀባል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ከተዘለለ ግን ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ከስፒከሩ «ዚዚዚ» እያለ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፤ የዲናሞው ድምፅ ነው። የሙዚቃውን ቀጭን ሽቦ በአንድ ጎን፣ የባትሪውን በሌላ ጎን ማስኬድም ለዚሁ ነው። ብሎን ወለል ላይ ከመምታት በፊት ደግሞ መኪናዋ ሥር ገብቶ ማየት ግዴታ ነው፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ነዳጅ ማጠራቀሚያው ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር እየጨመረ ነው። ገጣሚው አዲስ ትምህርት ያስፈልገዋል። እነዚህ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ የሚያመጣ መሣሪያ ነው፤ አቅሙም ለመኪናዋ የራሷ ዕቃዎች የተለካ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ ገዳይ ኃይል ስለሚሸከም አይነካም፣ በአጠገቡም ብሎን አይመታም። በሌላ በኩል ሞተሩ ስለማይጮህ ያው ሙዚቃ በግማሽ ኃይል ጥርት ብሎ ይሰማል። ለትንሽ የተደበቀ አምፕ ከዚህ የተሻለ ቤት አላውቅም።

ድምፅን ለጆሮ በእጥፍ ማጉላት አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛ አምፕ ከመጨመር በሩን መድፈን ይሻላል። የበሩን ሽፋን አውልቆ፣ የውስጡን ላሜራ በከባድ ተለጣፊ ንጣፍ መሸፈን፣ ቀዳዳዎቹን መዝጋት፤ ያው ስፒከር የተለወጠ ይመስላል። ወደ ውጭ የሚወጣው ድምፅ ስለሚቀንስም ሐይቁ ዳር አየር ሊቀበል የወጣ ሽማግሌ ብዙ አይረበሽም። በ100 ዴሲቤል ለጆሮ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውለው ወጣት ቢሰማኝ ደስ ይለኛል።

ቪትዟ አለቀች። ሂሳብ ተከፍሎ ከመለያየት በፊት ገጣሚው «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ማለት አለበት። በዚያ ሳምንት መኪናዋ የሰፈሩን ኮብልስቶን ትንቀጠቀጥበታለች፣ ብሎኖቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ስትመለስ ኮፈኑ ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ብሎን እንደገና ይጠብቃል፤ ሙዚቃው ለግማሽ ሰዓት ጮክ ብሎ ይጫወትና ገጣሚው መዳፉን አምፑ ክንፍ ላይ ያሳርፋል። እጁን ሳያነሳ አምስት ከቆጠረ አምፑ ቦታውን አግኝቷል። ካነሳ ሳንቃውን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።