ያውቁ ኖሯል? የመስታወት ውሃና የሳንባ ምች
የመኪና መስታወት ማጠቢያ መያዣ ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ መሙላት ሳንባ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የእንግሊዝና የዌልስ ጥናት፣ የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ የማይጨምሩ ሾፌሮች ሌጅዮኔርስ ለተባለው ከባድ የሳንባ ምች ይበልጥ ተጋልጠው እንደሚገኙ አመልክቷል።

ለብ ብሎ የሚቆም ውሃ በሽታውን ለሚያመጣው የሌጅዮኔላ ባክቴሪያ ይመቻል፤ ሲረጭ ደቃቅ ጠብታው በተከፈተ መስኮት ሊገባ ይችላል።

ለመስታወት ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ ባክቴሪያውን ይገታል፤ ቅባትና የነፍሳት ርዝራዥም ያስለቅቃል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ግን መስታወቱ ላይ ደርቆ ይቀርና ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል።

አንዳንዱ ፈሳሽ ሜታኖል አለበት፤ ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ለሕዝብ በሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ መጠኑ 0.6 በመቶ እንዳይደርስ ከልክሏል።