ጥርሱን ያስነቀለ ጾመኛ



በየረመዳኑ ከሶላት በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል የጥርስ ጉዳይ አይጠፋም። «ሼኻችን፣ መንጋጋዬ ሌሊቱን አላስተኛኝም፤ ባስነቅለው ጾሜ ይበላሻል?» ይሉናል። የሚጠይቁትስ ደህና ናቸው። የሚያሳስቡን ማንንም ሳይጠይቁ ለራሳቸው ፈትዋ ሰጥተው እስከ ዒድ የሚታገሡት ናቸው። ጉንጫቸው አብጦ፣ በሻሽ አስረውት፣ ካፈጠሩ በኋላ ቅርንፉድ ነክሰው ወይም አስፕሪን ድዳቸው ላይ አስቀምጠው ተራዊሕ ይቆማሉ። (አስፕሪን የሚሠራው ተውጦ ነው፤ ድድ ላይ ሲቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል።)

ከፊቅሁ እንጀምር። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ከሕክምና ጋር የተያያዙ ጾም የሚያፈርሱና የማያፈርሱ ነገሮችን ለይቷል። ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት ከማያፈርሱት ጋር ተቆጥረዋል፤ ሰውየው ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቀ ድረስ። ምግብነት የሌለው መርፌም እንዲሁ አያፈርስም፤ ስለዚህ የማደንዘዣው መርፌ ሊያስጨንቅ አይገባም።

ነገር ግን ይህ መልስ የሚናገረው ጥርሱ ስለሚነቀልባት ደቂቃ ነው። ለሕመምተኛው ከዚያች ደቂቃ የሚከብዱት ቀጥለው የሚመጡት 3 ቀናት ናቸው፤ ስለ እነርሱ ግን የሚጠይቀን ሰው ጥቂት ነው።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም፤ ለተገለጠው አጥንትና ነርቭ ክዳን ነው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ በእርሱ ፋንታ አዲስ ሥጋ ይተካል፣ ድዱ በሳምንታት ይገጥማል፣ ጉድጓዱን አጥንት የሚሞላው ግን በወራት ነው። የረጋው ደም ቀድሞ ከወለቀ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ሐኪሞች «ድራይ ሶኬት» ማለትም ደረቅ ጉድጓድ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍም ይሸታል። በጥናቶች እንደተመዘገበው ከ100 ተራ ንቅለት ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን እስከ 30 ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ የጾመኛን ልማድ ከዚህ ጋር እናስተያየው። ጾመኛ ምራቁን ይተፋል፤ ጥርሱን ካስነቀለማ ደም እንዳይውጥ ሰግቶ በየደቂቃው እንትፍ ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ለ24 ሰዓት አትትፋ፣ አትጉመጥመጥ ብሎታል፤ መትፋት የረጋውን ደም ይነቅለዋልና። በአንድ በኩል ጾሙን፣ በሌላ በኩል ቁስሉን ሊጠብቅ ሲል ሁለቱንም ያስቸግራል። ለዚህ ነው የሚያስታግሠው ሕመም ከሆነ ቀጠሮው ከኢፍጣር በኋላ ቢደረግ፣ ማታ የሚሠራ ክሊኒክ ከሌለም ወደ መግሪብ ቢጠጋ የምንመርጠው። መግል የያዘና የሚያሳብጥ ከሆነ ግን ቀን መርጦ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ያን ቀን ያፍጥርና ይታከም፤ አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ ሌሎችን ቀናት ሰጥቶታል።

ውዱእም አለ። መድመዷ፣ አፍን መጉመጥመጥ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣል። በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ ለውዱእ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢተወው ውዱኡ ሙሉ ነው። በማግስቱ ውኃውን በቀስታ ይያዝና ሳያንቀጫቅጭ ያፍስሰው። ይህን ለቤተሰብ መንገር ይገባል፤ አረጋውያን እናቶቻችን በተለይ ሱናውን መተው ይከብዳቸዋልና።

ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የባሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋራ የናፈቀው ሰው ቴምሩን ሳይጨርስ ይለኩሳል፤ ሺሻውም ይመጣል። ጥናቶችን አንድ ላይ ያመዛዘኑ ተመራማሪዎች በአጫሾች ላይ ደረቅ ጉድጓድ በ3 እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አግኝተዋል። ጢሱ ደም ሥርን ያጠባል፣ መሳቡም የረጋውን ደም ይጎትታል። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ጉንጩን ሞልቶ ሰዓታት ይቆያል፤ ለቁስል ከዚህ የባሰ ጎረቤት አናውቅለትም። ሳምቡሳው ጠርዙ ስለት ነው፣ ሾርባው የሚፋጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለብ ያለ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ሾርባና ውኃ ይበቃል። ቴምሩንም በሌላው በኩል ማኘክ ነው።

ስለ መድኃኒት ጥናቶች ከሚነግሩን ሦስቱን ብቻ እናንሣ። የሕክምና ጥናቶችን የሚያመዛዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ፣ ጤናማ ሰዎች የመጨረሻ መንጋጋቸውን ሲያስነቅሉ አንድ ኢንፌክሽን ለመከላከል ለ19 ሰዎች አንቲባዮቲክ መስጠት እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ «አያስፈልግህም» ቢል ንፉግ ነው ብለን ከፋርማሲ በራሳችን አንግዛ፤ ካዘዘ ደግሞ አናቋርጥ። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘውን በራስ ፈቃድ ሁለቱን በኢፍጣር አጥፎ መዋጥ ትክክል አይደለም። «እየጾምኩ ነው» ብሎ መንገር ይቀላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ምትክ ካለ ሐኪሙ ያዛል፣ ከሌለም ጾሙ ይቆያል። ሁለተኛ፣ በክሎርሄክሲዲን ከንቅለቱ በፊትና ከ24 ሰዓት በኋላ መጉመጥመጥ የደረቅ ጉድጓድን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ሦስተኛ፣ ለሕመሙ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከ1000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል እንደሚሻል ታይቷል። ሆኖም አይቡፕሮፌን የጨጓራና የኩላሊት ሕመም ላለበት አይሆንም፤ ለሌላውም ቢሆን በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ነው። የስኳር ሕመምተኛና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ምንም አያድርግ።

ማን ይንቀለው የሚለውም አሮጌ ጥያቄ ነው። የኮርዶባው አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት «አት-ተስሪፍ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ጥርስ ንቅለት ሲጽፉ፣ ሕመሙ ሰውን እንደሚያታልልና ደህናውን ጥርስ ሊያስነቅለው እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ጥርሱን ሰብረው ሥሩን በአጥንቱ ውስጥ የሚተዉትን አላዋቂ ፀጉር አስተካካዮችንም አጥብቀው ነቅፈዋል። ዛሬም በገበያ ቀን በጉጠት የሚነቅል አለ። ጉጠቱ ከማን አፍ እንደመጣ መጠየቅ ነው።

ስለ መዘግየት የተናገርነውን ያጋነንነው የሚመስለው ካለ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የመዘገበውን በሽታ ይወቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከታችኛው መንጋጋ ነው። መግሉ ከምላስ ሥር ይሰራጫል፣ ምላስን ወደ ላይ ይገፋል፣ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል። አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር፤ አሁንም በጊዜ ካልተደረሰለት ይገድላል። ከአገጭ በታች የጠነከረ እብጠት፣ አፍ አለመከፈት፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ አዛን አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቃለን። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ጭንቅላቱን በድንጋይ ቆሰለ፤ ከዚያም ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን ተየሙም ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ጠየቃቸው፤ ውኃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ለሞቱ ተጠያቂ ያደረጓቸው እነዚያን ሳያውቁ የፈረዱትን ነው፤ ካላወቁ መጠየቅ ነበረባቸው። እኛም ጎረቤቱን «ታገሥ፣ ዒድ ሊደርስ ነው» የሚለውን ሰው ስንሰማ ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል።

በሕመም ያፈጠረ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቀን ከሚቀጥለው ረመዳን በፊት ቀዷ ያወጣል፤ የሚድን በሽታ ስለሆነ ጾሙን በፊድያ አይለውጥም። ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ቀናት ቢያልፉበት ቀዷው ተከታታይ መሆን የለበትም፤ ሰኞና ሐሙስ እያለ ሊጨርሰው ይችላል።